«ቀለሙ ከቅጠል የተጨመቀ ነው» ይባላል፤ የድሮ ሥዕሎቻችን በእርግጥ ከምን ተሠሩ?

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ቀና ብለው የጣራውን መላእክት ሲያዩ፣ ወይም ጣና ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ የመቅደሱን ግድግዳ ሲዞሩ፣ ከጎን አንድ ሰው «ቀለሙ ሁሉ ከቅጠል፣ ከአበባና ከሥራሥር የተጨመቀ ነው» ማለቱ አይቀርም። አባባሉ ያምራል። በአብዛኛው ግን ልክ አይደለም። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ የተሰቀለ ሞሰብ አለላው በጥቂት ዓመት እንዴት እንደሚደበዝዝ ያየ ሰው፣ የቅጠል ጭማቂ ግድግዳ ላይ ሦስት መቶ ዓመት እንዴት ደምቆ ሊቆይ እንደቻለ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የቆየው በአብዛኛው ቅጠል ስላልሆነ ነው። ቀዩ ብዙ ጊዜ የሜርኩሪና የድኝ ውህድ ወይም ብረት ያለበት አፈር ነው። ቢጫው አርሴኒክ ያለበት ማዕድን ሊሆን ይችላል። ጥቁሩ ከሰልና ጥላሸት ነው። አንዳንዱ ከደጅ የተቆፈረ፣ ሌላው ባሕር ተሻግሮ በነጋዴ እጅ የመጣ ነው። ይህን ለይቶ የሚነግረን የሥዕል ቁስና አሠራር ጥናት የሚባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ዘርፍ ነው። የታሪክ ተመራማሪ፣ ኬሚስትና የቅርስ ጥገና ባለሙያ አንድ ሥዕል ከበው ይቀመጡና ይጠይቃሉ፦ ከምን ተሠራ? ምኑ ቀድሞ፣ ምኑ ተከትሎ ተቀባ? ከሠዓሊው በኋላስ ማን ነካው? ሥራው አዲስ አይደለም፤ የበርሊን ንጉሣዊ ሙዚየሞች ላቦራቶሪ የከፈቱት በ1888 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሥዕል ስንት ንብርብር አለው?

የጭቃ ቤት ግድግዳ ያስታውሱ። ከውስጥ እንጨትና ማገር አለ፤ በላዩ ምርጊት፣ በምርጊቱ ላይ ልስን፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ይመጣል። ልስኑ ካልያዘ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይረግፋል። በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ ሥዕልም እንዲሁ ነው።

ከታች ገበታው አለ። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1434 እስከ 1468) የእመቤታችን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ትልቅ ቦታ ሲይዝ፣ በእንጨት ላይ የሚሣሉ ሥዕሎችም በዙ። ስሙ በዳጋ እስጢፋኖስ ሥዕል ላይ ተጽፎ የቆየው ፍሬ ጽዮን የዚያ ዘመን ሠዓሊ ነው። ለገበታነት ከተመረጡት እንጨቶች ዋንዛና ወይራ ይገኙበታል። ዋንዛ ቀላል ነው፤ ለመጥረብ አያስቸግርም፤ ከበሮ የሚሠራውም ከእሱ ነው። ብዙዎቹ ገበታዎች ጠርዛቸው ከፍ ያለ፣ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ ሆኖ ከአንድ ግንድ የተጠረቡ ናቸው። ጠርዙ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ተከፋቹ ሥዕል ሲዘጋ ሁለቱ የተቀቡ ገጾች እንዳይፋተጉ ይከላከላል።

በእንጨቱ ላይ ነጭ መደብ ይለበጣል፤ ይህም ጄሶ በሙጫ የተለወሰ ነው። (ጄሶ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ የጣሊያን ሠዓሊዎችም መደባቸውን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ማዕድኑ ግን የአገር ቤት ነው፤ በዓባይ ሸለቆ ጎሃ ጽዮን አካባቢ ያለው የጄሶ አለት በጂኦሎጂ ካርታ ላይ በቦታው ስም ይጠራል።) በመደቡ ላይ ንድፍ ይነደፋል፤ ከዚያ ሰፋፊው ቀለም ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ የልብስ እጥፋት፣ ዐይንና ጣት በቀጭን መስመር ይለያሉ። አንዱ የቀለም ንብርብር ከ10 እስከ 50 ማይክሮሜትር ይሆናል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ዓይን የሚያየው ሥዕል በሙሉ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ላይበልጥ ይችላል።

«ቴምፔራ» ሲባል እንቁላል ማለት ነው?

አይደለም። ግራ መጋባቱ የመጣው ከሙዚየም መግለጫ ካርዶች ነው። ቴምፔራ ማለት የቀለም ዱቄት በውሃ በሚቀጥን ማያያዣ የተለወሰበት ሥዕል ማለት ነው። ማያያዣው የእንቁላል አስኳል ሊሆን ይችላል፤ የግራር ሙጫም፣ ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫም ሊሆን ይችላል።

ማያያዣ ለምን ያስፈልጋል? የቀለም ዱቄት ብቻውን እንደ በርበሬ ነው፤ ግድግዳ ላይ ቢበተን ይረግፋል። ማያያዣው እያንዳንዷን ቅንጣት ከጎረቤቷና ከመደቡ ጋር ያጣብቃል። የቀለሙን መልክም ይወስናል። ያው ዱቄት በዘይት ሲለወስ ይጠቁራል፣ ያበራል፤ በሙጫ ሲለወስ ፈዘዝና ነጣ ብሎ እንደ ደረቀ ልስን ይሆናል። የኢትዮጵያ የገበታ ሥዕሎች ሲመረመሩ በዋናነት የሚገኘው የእንስሳ ሙጫ ነው። በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ሥዕል የተለመደውን እንቁላል እዚህም አለ ብሎ መገመት ስለዚህ ያሳስታል።

ልዩነቱ የኬሚስት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የእንቁላል አስኳል በዓመታት ውስጥ ይጠነክርና ውሃ የማያሟሟው ይሆናል። የቆዳ ሙጫ ግን ዕድሜ ልኩን ውሃ ይፈራል። አንድ ደግ ሰው አቧራ ልጥረግ ብሎ እርጥብ ጨርቅ ቢያሳርፍበት፣ ከአቧራው ጋር አምስት መቶ ዓመት የቆየ ፊት ሊያነሳ ይችላል።

ሰማያዊው ከየት መጣ?

ይህ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የእመቤታችንን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። ለዓይን ሁሉም ሰማያዊ ነው፤ በላቦራቶሪ ግን ቢያንስ ሰባት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ኢንዲጎ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ከቅጠል ነው፤ አስጎብኚው የሚያሸንፍበት ቦታ ይህ ነው። ሆኖም ጭማቂ አይደለም። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያ አየር ሲያገኝ ውሃ የማያሟሟው ሰማያዊ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ከሌሎች የዕፅዋት ቀለሞች ይልቅ የሚቆየው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ከአፍጋኒስታን ባዳኽሻን ተራሮች የሚወጣው ላፒስ ላዙሊ ተፈጭቶና ታጥቦ የሚገኘው አልትራማሪን ነው። ሦስተኛው አዙራይት የተባለው የመዳብ ማዕድን ነው። አራተኛው ሰማልት ይባላል፤ ኮባልት የተጨመረበት ሰማያዊ ብርጭቆ ተፈጭቶ ነው። ሰማልት ሲልም ስለሚነጣ ሠዓሊው ሻካራ አድርጎ መጠቀም ግድ ይሆንበታል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የተሰባበረ ጠርሙስ ይመስላል። አምስተኛው ፕሩሺያን ብሉ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት በርሊን ውስጥ በአጋጣሚ የተገኘ የብረት ውህድ ነው። ስድስተኛው በ1802 የተገኘው ኮባልት ብሉ፣ ሰባተኛው ደግሞ በ1828 ፈረንሳይ ውስጥ ይፋ የሆነው ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ነው። ይህ የመጨረሻው ነጭ ልብስ ሲታጠብ እንዲያደምቀው የሚጨመረው ሰማያዊ ዱቄት ነው፤ በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ ሠዓሊ እጅ ገብቷል።

መርማሪው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሽጉጥ መሰል ነገር ነው። ከሥዕሉ ፊት ለፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳይነካው ይያዛል፤ እዚያ ነጥብ ላይ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ይዘረዝራል። ከዚያ ንባቡ ይጀምራል። መዳብ ካሳየ አዙራይት ይጠረጠራል። ኮባልት ከፖታሲየምና ከሲሊኮን ጋር ካሳየ ሰማልት፣ ኮባልት ከአሉሚኒየም ጋር ከሆነ ኮባልት ብሉ ነው። ብረት ብቻ ካሳየ ፕሩሺያን ብሉ ሊሆን ይችላል፤ ግን ተራ ቀይ አፈርም ብረት ነው፤ ስለዚህ አይቸኮልም። ምንም የተለየ ነገር ካላሳየስ? መሣሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም። ኢንዲጎ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ነው፤ እነዚህ ለመሣሪያው እጅግ ቀላል ስለሆኑ አያያቸውም። የአልትራማሪንም ሶዲየምና አሉሚኒየም ደካማ ምልክት ስለሚሰጡ ያመልጡታል። ባዶ ውጤት ራሱ ፍንጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ የኢንፍራሬድ ፎቶ ይነሳል። ዓይን ከሚያየው ቀይ ብርሃን አልፎ ባለው ጨረር ኢንዲጎና አልትራማሪን ነጣ ብለው ይታያሉ፤ ፕሩሺያን ብሉ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ከዚያም ራማን የተባለው መሣሪያ ሌዘር አሳርፎ የሞለኪውሉን ንዝረት ይለካል፤ ኢንዲጎን ከአልትራማሪን የሚለየው እሱ ነው። ፕሩሺያን ብሉን ለማረጋገጥ ደግሞ የኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ ንባብ ይታያል፤ 2,090 (በሴንቲሜትር በሚቆጠር የሞገድ ብዛት) አካባቢ ቀጥ ያለ ጫፍ ያወጣል፣ እዚያ ቦታ ላይ ከሌሎቹ ቀለሞች የሚጋፋው እምብዛም የለም። የተፈጥሮውንና ሰው ሠራሹን አልትራማሪን ግን ኬሚስትሪው አንድ ስለሆነ በአጉሊ መነጽር መለየት ይሻላል። ከድንጋይ የተፈጨው ቅንጣቱ የተለያየ መጠን ያለው፣ ማዕዘናማ፣ ነጭ ማዕድን የተቀላቀለበት ነው፤ የፋብሪካው ግን ደቃቅና ተመሳሳይ ነው።

የሌሎቹን ቀለሞች ነገር ባጭሩ እንለፍ። ቀይ ቦታ ላይ ሜርኩሪ ከታየ ሲናባር ወይም በሰው እጅ የተሠራው ወንድሙ ቨርሚሊዮን ነው፤ እርሳስ (ሊድ) ከታየ ቀይ የሊድ ውህድ፣ ብረት ከታየ አፈር ነው። ቢጫ ላይ አርሴኒክ ከታየ ኦርፒመንት ነው፤ መርዝ ስለሆነ የረገፈውን በባዶ እጅ መነካካት አይገባም። አረንጓዴው ብዙ ጊዜ የኢንዲጎና የኦርፒመንት ድብልቅ ነው። አርሴኒክና መዳብ አብረው ከታዩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በ1814 የወጣው ኤመራልድ ግሪን ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ማሽኑ ካለ ለምን ይቆረጣል?

ምክንያቱም ኤክስሬይ ሁሉንም ንብርብር በአንድ ጊዜ ያነባል። «እርሳስ አለ» ካለ፣ እርሳሱ ከላይ ካለው ቀለም ይሁን፣ በኋላ ከተጨመረ እድሳት ይሁን፣ ከሥር ከተደበቀ ሌላ ሥዕል ይሁን አይናገርም። ካልሲየም ካለ ደግሞ መደቡ ጄሶ ይሁን ኖራ አይለይም። የእኛ ሥዕሎች ቀለማቸው ስስ ስለሆነ የመደቡ ካልሲየም በየቦታው ብቅ እያለ ያስቸግራል።

ለዚህ ነው ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ቁራጭ የሚወሰደው። ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ፊትና እጅ አይነካም፤ ቀድሞ ከተሰነጠቀ ወይም ከረገፈ ቦታ ጠርዝ በቀዶ ጥገና ምላጭ ይነሳል። ቁራጩ በሙጫ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀብሮ በጎኑ ይሞረዳል፤ እየደቀቀ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከ100 እስከ 400 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሥር ይቀመጣል። ያኔ ንብርብሩ እንደ ገደል አለት ተራ በተራ ይታያል፦ የእንጨት ጭረት፣ ነጭ ጄሶ፣ የንድፉ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ሰማያዊ፣ በሰማያዊው ላይ ቀጭን ቡናማ የጧፍና የዕጣን ጥላሸት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ። በሁለቱ ሰማያዊዎች መሐል ያለ ጥላሸት ብዙ ይናገራል። ሁለተኛው ቀለም የተቀባው ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ነው ማለት ነው።

ማያያዣው የእንስሳ ሙጫ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ በፕሮቲን ትንተና መለየት ይቻላል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ከዚህ በፊት ሥዕሉ ተጠግኖ ከነበረ ጠጋኙ የሚረግፈውን ቀለም ያጣበቀው በእንስሳ ሙጫ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ላቦራቶሪው በታማኝነት የሚነግረን የሠዓሊውን ሳይሆን የጠጋኙን ሙጫ ነው። የጥገና መዝገብ የሌለው ሥዕል ላይ የሚገኝ የማያያዣ ውጤት በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ቁሱ ዕድሜ ይናገራል?

«ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» ብሎ መናገር ይችላል። «በዚህ ዓመት ነው» ግን አይልም። የ1650 ነው የተባለ ሥዕል የመጀመሪያው ንብርብር ላይ ፕሩሺያን ብሉ ከተገኘ የተባለው ዓመት ስህተት ነው። ከላይ ባለው እድሳት ላይ ብቻ ከተገኘ ግን የሥሩ ሥዕል አሁንም የ1650 ሊሆን ይችላል። ቲታኒየም ነጭ በፋብሪካ መመረት የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ባሉት ዓመታት ስለሆነ፣ በጭስ ጠቁሮ «የጥንት ነው» እየተባለ በሚሸጥ ሥዕል ላይ ከታየ ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። ተቃራኒው ግን አይሠራም፦ የድሮ ቀለም መገኘቱ ሥዕሉ ድሮ ተሣለ ማለት አይደለም። ቀይ አፈር ዛሬም ይቆፈራል።

በአንድ ወቅት ሕያው የነበረን ነገር ዕድሜ የሚለካው ራዲዮካርቦን የተባለው ዘዴም እንዲሁ ወሰን አለው። የሚለካው ዛፉ የዓመት ቀለበቱን ያበቀለበትን ወይም ፍየሉ የሞተበትን ጊዜ እንጂ ብሩሽ ያረፈበትን ቀን አይደለም። አሮጌ በር ተጠርቦ ገበታ ከሆነ ውጤቱ የበሩ ነው። ከ1650 ገደማ ወዲህ ላለው ዘመን ደግሞ መልሱ በብዙ አሥርት ዓመታት ስለሚበታተን እምብዛም አይረዳም። በጥንቱ ላይ ግን ኃይለኛ ነው። በዓድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል በሥዕሉ መልክ ብቻ ሲገመት ብዙ ምሁራን ወደ 1100 አካባቢ ያደርጉት ነበር። ብራናው ሲለካ አንደኛው ጥራዝ ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። መጽሐፉን እጅግ ጥንታዊ የሚያደርገው የገዳሙ ትውፊት ከምሁራኑ ግምት ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ተገኘ።

የግድግዳው ሥዕል ግድግዳው ላይ ነው የተሣለው?

በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ብዙውን ጊዜ አይደለም። የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሥዕሉ ያለው ጨርቁ ላይ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ጠጋ ብሎ ከጎን ያየ ሰው የጨርቁን መጋጠሚያ ሊለይ ይችላል። ብርሃን በጎን ሲያርፍ የሸማኔው ድርና ማግ በቀለሙ ሥር ይታያል፤ መርማሪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ይኸው ነው፣ የእጅ ባትሪን በአግድም ይዞ ማየት።

ይህ የአሠራር ዝርዝር በታሪካችን ላይ ጉልህ ጠባሳ አለው። የፈረንሳዊው የባህል አጥኚ የማርሴል ግሪዮል የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር ውስጥ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ሊወስድ የቻለው በጨርቅ ላይ ስለነበሩ ነው። በልስን ላይ ተሥለው ቢሆን ኖሮ እንዲያ በቀላሉ ባልተነሱ ነበር። በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን-ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ጨርቁ የራሱ ድክመትም አለው። ጣራ ሲያፈስ ውሃው ከጨርቁ ጀርባ ይወርዳል፤ ሙጫው ያብጣል፤ ጨርቁ ከግድግዳው ተላቅቆ እንደ ሆድ ይነፋል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቀለሙ ግን አብሮት ስለማይኮማተር በቅርፊት ይነሳል። ችግሩ የሚጀምረው ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከሳሩ ወይም ከቆርቆሮው ነው።

ሠርቶ ማየት ለምን ያስፈልጋል?

ማሽን «ጄሶና ሙጫ» ይላል፤ እንዴት እንደተዋሃዱ ግን አይነግርም። ስለዚህ አጥኚዎች ራሳቸው ይሠሩታል። በእኛ አገር ሙያው በአብዛኛው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በእጅ የተላለፈ ስለሆነ ይህ መንገድ የተጻፈ መመሪያ ካለበት አገር ይልቅ ይጠቅማል። ለሙከራ የሚሠራ አንድ ገበታ እንዲህ ይዘጋጃል።

70 ግራም ደረቅ የቆዳ ሙጫ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ላይ አብጦ እንደ ጄሊ ይሆናል። ከዚያ በድርብ ድስት፣ ማለትም ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይሞቃል፤ ከ60 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ከፈላ ፕሮቲኑ ይበጣጠስና ሙጫው መያዙን ይተዋል። ይህ ስህተት ወዲያው አይታይም፤ ከሳምንታት በኋላ መደቡ ሲረግፍ ነው የሚታወቀው። ገበታው አንድ ጊዜ በዚህ ሙጫ ተቀብቶ አንድ ቀን ይደርቃል።

ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው ጄሶ እንዳለ አይሆንም። የተቃጠለ ስለሆነ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ ከሙጫ ጋር ገና ሲማሰል ይቋጥራል። በብዙ ውሃ ተበጥብጦ፣ መጀመሪያ ላይ ያለማቋረጥ ከዚያም በየቀኑ እየተማሰለ አንድ ወር ገደማ ይቆያል፤ የመጠንከር ኃይሉ ሲሞት ለስላሳ ነጭ ጭቃ ይሆናል። ይህ ተጠልሎ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ለብ ባለው ሙጫ ላይ ቀስ ብሎ ይነሰነሳል፤ በግምት አንድ እጅ ሙጫ ለአንድ ተኩል እጅ ጄሶ ነው። ወፈር ያለ ወተት ሲመስል ይበቃል። በኃይል ከተማሰለ አረፋ ይይዛል፤ አረፋው ሲደርቅ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ይተዋል፤ በኋላ ቀለሙ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ከስድስት እስከ ስምንት ስስ ንብርብር፣ አንዱ በቁመት ሌላው በወርድ ይቀባል። ቀዳሚው ነክተው ሲያዩት ከማይጣበቅበት ደረጃ እንደደረሰ ተከታዩ ይመጣል። የላይኛው ንብርብር ሙጫ ከታችኛው እንዳይጠነክር ጥንቃቄ ያሻል፤ ጠንካራ ሙጫ ሲደርቅ ይሸበሸብና ደካማውን ይዞት ይነሳል፤ ስንጥቁ የደረቀ የሐይቅ ዳር ጭቃ ይመስላል። በሙዚየም ገበታዎች ላይ ያን የመሰለ ስንጥቅ ያየ ሰው ሠዓሊው የት ላይ እንደቸኮለ መገመት የሚችለው አንዴ ራሱ አበላሽቶ ካየ ነው።

ብራና ላይስ?

መደብ የለም፤ ቆዳው ራሱ መደብ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተነክሮ፣ በመወጠሪያ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይደርቃል እንጂ እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም። ጥቁሩ ቀለም በዋናነት ጥላሸት ስለሆነ በኢንፍራሬድ ፎቶ ላይ ደምቆ ይታያል፤ የደበዘዘ ጽሑፍ በዚህ ዘዴ ይነበባል። በአውሮፓ የተለመደው የብረት ቀለም ግን በኢንፍራሬድ ይጠፋል፤ ወረቀቱንም እየበላ ይበሳዋል። የጥላሸት ቀለም ገጹን አይበላም፤ ድክመቱ ከላይ ተቀምጦ መቅረቱ ነው፤ ብራናው በእርጥበት ሲሰፋና ሲጠብ ይረግፋል።

ሥዕሉ ያለበት ቦታ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

ቀለሙ በሙጫ የተያዘ መሆኑን ካስታወሰ አብዛኛው ነገር ይገለጥለታል። እርጥብ ጨርቅ፣ ሎሚ፣ ሳሙና፣ የወጥ ዘይት፣ ቅባትና ቫርኒሽ ሊነኩት አይገባም። ቫርኒሽ ለጊዜው ያደምቀዋል፤ ግን ፈዛዛ ሆኖ የተሣለውን ቀለም እስከ መደቡ ዘልቆ ያጠቁረዋል፤ ከዚያ በኋላ ለማውጣት እጅግ ከባድ ነው። አቧራ ቢኖርበት በንፁህ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያውም ቀለሙ የማይነሳ መሆኑ ከጎን በባትሪ ከታየ በኋላ ብቻ ይነካል። ጧፍና ዕጣን ከሥዕሉ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ምዕመናን የሚሳለሙት ዝቅ ያለ ቦታ ካለ ፊቱ ላይ መጋረጃ ይወርዳል፤ ብዙ አጥቢያዎች ይህን ከጥንት ያደርጉታል፤ መጋረጃው ከብርሃንም ያድናል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ቦታ ይረሳል። ከሥዕሉ ሥር የረገፈው ቅርፊት ከአቧራው ጋር ተጠርጎ ይጣላል። ያ ቅርፊት መርማሪው ከሥዕሉ ላይ ሊቆርጠው የነበረው ናሙና ነው፤ መደቡም፣ ሙጫውም፣ ቀለሙም በቅደም ተከተል አለበት። በባዶ እጅ ሳይሆን በወረቀት ጠርዝ ተነሥቶ በንፁህ ነጭ ወረቀት ይታጠፋል፤ ፕላስተርም ሆነ ላስቲክ አይነካውም። በወረቀቱ ላይ ከየትኛው ሥዕል ሥር፣ ከወለል ስንት ክንድ ከፍታ ላይ ካለ ቦታ እንደወደቀና የተነሣበት ቀን ይጻፋል።